ያላለቀችው ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ነበር። ቶናው ሲቀዳ የልጅ ልጄ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችና ምንጣፉ ላይ መደነስ ጀመረች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንዲት እንቅስቃሴ ትሠራለች፣ ትቆማለች፣ ስልኩ ጋ ሄዳ ታየዋለች፣ አልወደደችውም፣ እንደገና ትጀምራለች። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመችው። ስድስተኛው ላይ እናቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ስልኩን ነጠቀቻት።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ይኼንን ማን እንደሚያየው ታውቂያለሽ?»

«ጓደኞቼ ናቸው የሚያዩት!»

«አራት መቶ ጓደኛ አለሽ? እስቲ የሃያውን ስም ንገሪኝ!»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። አያት ማለት ይግባኝ ሰሚ ችሎት ነው፤ የልጅ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

«እምዬ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ አልጨፈርሽም?»

«ጨፍሬአለሁ እንጂ!» አልኩና ልቀጥል ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ታላቅ ወንድሜ እንደ ልማዱ መስኮቱ አጠገብ፣ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ሥር ይዞ ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የሚጠጣው እኛ ቤት ነው። የሬዲዮዋን ድምፅ ቀነሰና አየኝ። እኔ ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። በረካው እንኳ አልተቀዳም ነበር።

ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ላይ የተቋረጠውን ወሬ ነው።

እኛ የሳሪስ አቦ ልጆች ነን። የዛሬውን ሳሪስ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ባቡሩንና ፎቁን ሲያይ፣ የድሮው ሰፈራችን አይታየውም። ያኔ ከደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካ ነበር፤ ከፋብሪካው ጀርባ ደግሞ የእኛ የጭቃ ቤቶች። ሰዓት የምናውቀው በፋብሪካ ጩኸትና በአቦ ደወል ነው። አባቴ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበሩ ፀጉራቸው ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ልጅ ሆነን የሸበቱ ይመስለን ነበር።

በቤታችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚከበረው ዕቃ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነው። ከአልጋው ራስጌ የራሱ መደርደሪያ ነበረው። እማዬ በሠራችው ዳንቴል ይሸፈናል፤ ዳንቴሉን ገልጦ የሚከፍተው አባባ ብቻ ነው። «ሬዲዮ እኮ የሰፈራችን ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ሳነብ ግን እውነታቸውን ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ከእኛ ወረድ ብሎ አቃቂ ነው። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ጃንሆይ ድምፃቸውን ወደ ውጭ ሀገር ያሰሙት በዚያው ጣቢያ ነው። አባባ ይህን ሲያወሩ ሽቦውን ራሳቸው የዘረጉት ይመስሉ ነበር።

ሬዲዮ የሚከፈተው ታዲያ በልክ ነው። ባትሪ ድንጋይ ገንዘብ ያስወጣል። ሲደክም እኔና ወንድሜ ከውስጡ አውጥተን ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያቺ ትንሽ ነፍስ ለሦስት ነገር ትውላለች፤ ለዜና፣ ለኳስ እና «ከመጻሕፍት ዓለም» ለሚባለው ፕሮግራም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ሬዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶች በራችን ላይ ዱካ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ሰው ብቻ እያነበበ እንደዚያ የብዙ ሰው ድምፅ ሲያወጣ፣ ትንሹ ወንድማችን ሬዲዮው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለማየት የጀርባውን ክዳን ፈቶ ተገርፏል።

ሙዚቃ ሲመጣ ነው ጣጣው። ጥላሁን ገሠሠ ወይም ብዙነሽ በቀለ ከሆነች አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ፈጠን ያለ ሲሆንና የእኛ ትከሻ መንቀሳቀስ ሲጀምር «ድንጋዩ ያልቃል!» ብለው ቀጭ ያደርጉታል። የሚያልቀው ድንጋዩ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

የአባባ ፍርሃት ከየት እንደመጣ የገባኝ አድጌ ነው። የእሳቸው ታናሽ እህት፣ አክስታችን፣ በንጉሡ ጊዜ መጨረሻ ወጣት ነበረች። አፍሮ ፀጉርና ሚኒ ስከርት ሆና የተነሳችው ፎቶ እማዬ ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ተደብቆ ነበር። ያ ዘመን የውቤ በረሃ ዘመን ነው። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቀኞች ቀን ለመንግሥት የሚጫወቱ፣ ማታ ደግሞ ክለብ ለክለብ የሚሠሩበት። ራሱ መሐሙድ አሕመድ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲጠፋ ልሞክር ብሎ ነው የጀመረው። አሥመራ ቃኘው ሰፈር ከነበሩት አሜሪካኖች ሬዲዮ፣ ከሰላም ጓድ አስተማሪዎችም ሻንጣ የወጣው ሸክላ እነ ጄምስ ብራውንን አዲስ አበባ አድርሷቸዋል። አክስቴ ቱዊስት የተማረችው ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ነው። እሷን ብትጠይቋት የዕድሜዋ ማር ነበር።

ለአባባ ግን «ዳንስ ቤት» የሚለው ቃል ራሱ አፍ የሚያስይዝ ነው። በእሳቸው ትውልድ አፍ ዳንስ ቤት ማለት መጠጥ ነው፣ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፣ ደሞዙን ጨርሶ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ የሚገባ አባወራ ነው። ነገሩ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ልጃቸው እዚያ እንዳትደርስ ሬዲዮ ማጥፋት የሚችሉት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አደረጉ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። ትልልቆቹ ክለቦች ደንበኛቸውን ውስጥ ቆልፈው እስኪነጋ ማሳደር ጀመሩ። ሒልተን ዋልያስ ባንድ ነበር፤ ራስ ሆቴል አይቤክስ ነበር፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ለሳሪስ ልጅ ሒልተን ከአሥመራ አይቀርብም። ለእኛ የነበረን የቀበሌያችን አዳራሽ ነው።

ስለዚህ አዳራሽ ስንት ጊዜ ልጽፍ አስቤ ትቼዋለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ዝናብ ሲመጣ ሙዚቃው አይሰማም፤ እኛ ግን እንቀጥላለን። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ተሰቅለዋል፤ በእነዚያ ጢማሞች ዓይን ሥር ነው ዳንስ የተማርነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የኪነት ቡድኑ ስለ ምርት ዘመቻ ይዘፍናል። ሁለት፣ ሦስት መዝሙር ነው። ከዚያ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ አምፖሉ ላይ ቀይ ወረቀት ይጠቀለላል፤ አንድ ትልቅ ቴፕ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ቤት ስንጠየቅ «ውይይት ክበብ ነን» እንላለን። ማን ደፍሮ ውይይት አትሂዱ ይላል? ውሸታችን በመንግሥት ማኅተም የተደገፈ ነበር።

በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆመው ጥበቃ የእማዬ ዕድርተኛ ነው። ትኬት የምትቆርጠዋ የክርስትና እናቴ ልጅ ናት። ግድግዳውን ተደግፈው የሚቆሙት ሕፃናት በየእናታቸው የተላኩ ሰላዮች ናቸው። እኔ ማክሰኞ ማን ጋር እንደደነስኩ ረቡዕ ጧት ቦኖ ውኃ ላይ ይወራል የሚባለው የእኛ ሰፈር ቀልድ ነው፤ ማክሰኞ ዳንስ የለማ! በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማላውቀው ዓይን አልነበረም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወንድሜ የዚያ አዳራሽ ንጉሥ ነበር። ብሬክ ዳንስ ቪዲዮ ቤት አጮልቆ ነው የተማረው። የማይክል ጃክሰንን ወደ ኋላ መንሸራተት ለማጥናት የአባባን የፋብሪካ ጫማ ሶሉን በሻማ ቀብቶ፣ አባባ ጧት ፈረቃ ሲሄዱ ደጃፍ ላይ ወድቀዋል። እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን ኅብረ ትርዒት ሲመጣ ቴሌቪዥን ያላቸው ሰዎች ቤት በመስኮት ቆሞ ያያል፤ ሲመለስ ለእኔ ያሳየኛል። እኔ ሦስት ዓመት አንሰዋለሁ። እሱ ካልወሰደኝ አልሄድም፤ እሱም እኔን ካልያዘ እማዬ አትለቀውም። ተጠባባቂዬ እሱ ነው፣ ማስፈቀጃው ደግሞ እኔ ነኝ።

በ1979 ዓ.ም. የጥቅምቱ አቦ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድን። እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። አፈሳ አለ የሚል ወሬ በሰፈሩ ይዞራል። ለወጣቶች ብቻ ልንገር፤ ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ታወጀ። መጀመሪያ በስም ዝርዝር ነበር፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ሲቀር መንገድ ላይ የተገኘውን ወጣት መኪና ላይ መጫን መጣ። ወላጅ ለትምህርት ቤት መታወቂያ እንደ ክታብ ይሳል ነበር።

ወንድሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን «በቃ እንሂድ» አለኝ። በዚያች ደቂቃ ከመሐሙድ አሕመድ ዘፈኖች ቀስ ያለችው ተጀመረች፤ አንድ ልጅም ወደ እኔ መጥቶ «እንደንስ?» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልጁ የቴፑን ካሴቶች የሚያመጣው ነው፤ አባቱ መርካቶ ሱቅ ነበራቸው። ወንድሜን ዞሬ «ይቺን ብቻ» አልኩት። እጁን አወዛወዘና ተወኝ።

ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ቴፑ ካሴቱን በላው። ድምፁ እንደ ሰካራም ተጎተተና ጠፋ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ሮጦ ካሴቱን አወጣ፤ በእስክሪብቶ ያጠነጥነው ጀመር። «ተወው፣ እንሂድ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «አስተካክላት፣ ትለቅ፣ ከዚያ እንሄዳለን» እላለሁ። ልጁ አጠገቤ ቆሟል፣ እኔም እግሬ መሬት አልነካም። ሩብ ሰዓት ቆየን። አልተስተካከለችም። ወንድሜ ካሴቱን ኪሱ ከተተና «ቤት ወስጄ እሠራታለሁ» ብሎ ለልጁ ነግሮት ወጣን።

መኪናው የቆመው ዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው የወጡት ልጆች መኪናውን አላዩትም፤ ይህን በማግስቱ አረጋግጫለሁ። ወንድሜን ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት። መታወቂያውን ሲፈልግ ከኪሱ የወጣው ካሴቱ ነው። እጄ ላይ አደረገውና «ያዢ፣ ቤት ሂጂ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እንደ ልጅ አልጮኸም፣ ጩኸቱ የእኔ ነበር።

ቤት ስገባ ለአባባ «ከውይይት ስንመለስ ያዙት» አልኩ። ስለ ልጁ፣ ስለ ካሴቱ፣ ስለዚያች ሩብ ሰዓት ትንፍሽ አላልኩም። አባባ ዝም አሉ። ተነስተው ዳንቴሉን ገለጡና ባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። እስከ ገና ድረስ ቤታችን ሬዲዮ አልሰማም።

ድንጋዮቹ የተመለሱት ወንድሜ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ተላከ ሲባል ነው። ለሠራዊቱ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነበረ፤ ወታደሮች ሰላምታ ይልካሉ፣ ዘፈን ይመርጣሉ። ዘፈን ሲመጣ ሬዲዮ ይዘጉ የነበሩት አባባ አሁን ዘፈን ከዘፈን እየጠበቁ ያዳምጣሉ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ እኛ ከተማ ተካሂዶ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስታሸንፍ፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ እየጮኸ ሰፈሩ በሙሉ ወደ መንገድ ፈሰሰ። አባባ ብቻ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እማዬ «እዚያስ ሬዲዮ ይኖራቸው ይሆን?» አለች። መልስ የሰጣት የለም።

እንዳላቸው ያወቅነው በወሩ ነው። እኔ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ባልዲዬን ይዤ ስገባ የጓሮ ጎረቤታችን እልል እያሉ፣ እማዬ መሬት ላይ ተደፍታ አገኘኋቸው። የወንድሜ ስም ተጠርቷል። ለአባቱ፣ ለእናቱ፣ ለሳሪስ አቦ ጎረቤቶቹ ሰላምታ ልኳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመሐሙድን ዘፈን መርጦ «ለእህቴ፣ ያላለቀችዋን» ብሏል። ዘፈኗ ተላልፋ አልቃለች። እኔ አልሰማኋትም።

ማታ አባባ ጠሩኝ። «ያላለቀችው ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ረዘም አድርገው አዩኝና «እሺ» አሉ።

በመጋቢት አፋቤት ላይ የሆነውን ሬዲዮናችን አልተናገረም። አባባ ግን የውጪ ጣቢያ ማዳመጥ ጀመሩ። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሬዲዮውን ጉያቸው አስገብተው፣ አጭር ሞገድ ላይ የአሜሪካ ድምፅንና የጀርመን ድምፅን ይፈልጋሉ። የአማፂያኑ ሬዲዮ የምርኮኛ ስም ያነባል ሲባልም ያንንም ይሞክሩ ነበር፤ ቋንቋውን ባያውቁትም ስም ስም ነው ይላሉ። በጋቢው ውስጥ የምትታየው የሬዲዮዋ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ነበረች። ለዳንስ እንዳይከፈት የተጠበቀ ሬዲዮ እስር ቤት ሊያስገባቸው ይችል ነበር፤ ግድ አልሰጣቸውም። በ1982 ዓ.ም. ክረምት፣ ሬዲዮው አጠገባቸው ተከፍቶ እያለ፣ አረፉ። ያንን «እኔ እንጃ» ሳላነሳላቸው።

ወንድሜ የመጣው በሰኔ 1983 ዓ.ም. ነው። ከተሰናበተው ሠራዊት ጋር ግማሹን በእግሩ መጥቶ፣ የአቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጦ አንዲት ጎረቤት አውቀውት አመጡት። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር። የት የት እንደነበረ እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገረንም። የአባባን ሬዲዮ ፈቶ ሲሠራ ሥራው ይሆናል ብሎ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር «ይኼ ኤፍ ኤም ይይዝ ይሆን?» እያለ አሮጌ ሬዲዮ ተሸክሞ ያልመጣ የሰፈር ሰው የለም። በ2000 ዓ.ም. ሸገር ሲመጣማ የድሮ ዘፈን እያሰማ ሱቁን የሰው መሰብሰቢያ አደረገለት። ሠርግ ይሄዳል፤ ይቀመጣል፤ ያጨበጭባል። ሲጨፍር ያየው ሰው ግን የለም። ስለዚያች ዘፈን እሱም አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅሁም። «ያላለቀችዋን» ያለው በእኔ ምክንያት ሕይወቱ መሃል ላይ መቆረጡን ሊነግረኝ ነው ብዬ አምኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ልጅ ድሬ፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴን ቀብሬ፣ እዚህ ደረስኩ።

ወደ ቅዳሜው ልመልሳችሁ። ልጄ ማድ ቤት ገባች፤ ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። ሲኒዎቹን ይዤ ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንዲህ አልኩት።

«በሬዲዮ የመረጥክልኝን ዘፈን ታስታውሳለህ? ያላለቀችዋን?»

«ሰምተሻት ነበር እንዴ? ከተመለስኩ ምንም ስትይኝ ጊዜ አልሰማችም ብዬ ነው የተውኩት።»

«አባባ ናቸው የሰሙት። ወንድሜ፣ ያኔ እንሂድ ስትለኝ በሄድን ኖሮ...»

አላስጨረሰኝም፤ ሳቀ። ይህ ሰው ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው።

«አንቺ ደግሞ! ካሴቱ እኮ የሰው ነው! አስተካክለሽ መልሺለት ማለቴ ነበር። እዚያ ምሽግ ውስጥ ተኝቼ ‹ያ ልጅ ካሴቴን በላኝ ይላል› እያልኩ ስንት ሌሊት አሰብኩ መሰለሽ። በሬዲዮ ካሴት መልሺ አይባል ነገር!» ካለ በኋላ ትንሽ ቆይቶ «ደግሞ መልሰሽ ስትሰጪው ያው ዳንሱንም ትጨርሱታላችሁ ብዬ ነዋ» አለኝ።

እውነቱን ይሁን እኔን ለማሳረፍ ብሎ፣ አላውቅም። ይህን ሲል ጉልበቱን እያሻሸ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ልጄ መጣች፤ ጉዳዩ ወደ ችሎት ተመለሰ። ያሰብኩትን ነገርኳት፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። አባቴ ዳንስን ፈርተው ሬዲዮ ዘጉ፤ ልጃቸውን የወሰደባቸው ግን ዳንሱ አይደለም፤ መታጠፊያው ላይ የቆመው መኪና ነው። ይህን አውቃለሁ። ልጄ ግን ተሳስታለች ማለት አልቻልኩም። እኔ የደነስኩት በሚያውቁኝ ዓይኖች መሃል ነው፤ በሩ ላይ የእማዬ ዕድርተኛ ቆሞ። የልጅ ልጄ ስልክ በር ላይ ማን ነው የቆመው? ዛሬ መኪናው መታጠፊያው ላይ አይጠብቅም፤ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ቤት ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ትጨፍር፣ እንደልቧ ትጨፍር፣ የማናውቀው ሰው እንዲያየው ግን አይላክ አልኩ። ልጄ «እንዳልላከችው ማን ያረጋግጣል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ መልስ የለኝም። እኔም «ውይይት ክበብ ነን» ስል ነበርኮ። ልጅቷ ደግሞ ከክፍሏ ሆና እየሰማች ኖሮ «ማንም ካላየው ለማን እጨፍራለሁ ታዲያ?» ብላ ጮኸች።

«ለእኔ» አላት ወንድሜ ከመስኮቱ።

ወጣች። ዓይኗን እየጠራረገች ምንጣፉ መሃል ቆመች። ስልኩ እናቷ እጅ ነው፣ ሙዚቃ የለም። ወንድሜ የሬዲዮዋን ድምፅ ከፍ አደረገ። ማስታወቂያ ነበር፤ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ሁላችንም ጠበቅን። የመጣው ዘፈን የእሷ ዘመን አልነበረም፣ የእኛም አልነበረም፤ መሃል ላይ ያለ ነው። ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ወንድሜ «እግርሽን አታንሺው፣ አንሸራትቺው» አላት። በከዘራው ጫፍ ምንጣፉ ላይ አሳያት። «ሶሉን ሻማ ቀቢው» ሲል እኔ ሳቄ መጣ፤ ልጄ ምን እንዳሳቀኝ አልገባትም።

እሁድ ጧት የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፍቼ ካሴቱን አወጣሁት። ልጅቷ አገላብጣ አየችው፤ እስክሪብቶ ሳመጣ «ሊጻፍበት ነው?» አለችኝ። ወንድሜ ሱቁ ወስዶ የተቆረጠውን ቦታ በላስቲክ አጣብቆ፣ አንድ ደንበኛ ረስቶት የሄደ ቴፕ ላይ አጫወታት። የተጣበቀችው ቦታ ላይ ትንሽ ትዘላለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሦስታችንም ቆመን እስከ መጨረሻዋ ሰማናት።

ባለቤቱ አሁን የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ መነጽር ያደርጋል፣ መዋጮ ለዘገየ ሰው ምሕረት የለውም። ስብሰባው የፊታችን እሁድ ነው። ካሴቱን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ የዘገየ ዕቃ መቀጮው ስንት እንደሆነ ጠይቂው ብሎኛል።